አምድ ሁለት

ጃህራ። ወደ ጣሪያው የሚያወጣ ደረጃ።
አሥራ አራተኛው እርከን። ከዚያ ዝቅ ካልሁ ይሰሙኛል፣
ከዚያ ከፍ ካልሁ ዋይፋዩ ይከዳኛል።
እናም እዚያው፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት፣
ጉልበቴን ዴስክ አድርጌ እገባለሁ ትምህርት ቤት።

በር የለው፣ ደወል የለው፣ ክፍያም አልጠየቀኝ፤
«ስንተኛ ክፍል አቆምሽ?» ብሎም አላሳፈረኝ።
አርባ አንድ ሺህ ነን አሉ፣ የአንድ ክፍል ተማሪ፤
ግን የሚያስል አይሰማም፣ የለም እርሳስ ተበዳሪ።

መምህሩ ቀጭን ሰው ነው፤ ክራቫቱ ሁሌ ጠማማ፤
ሲፈጥንብኝ በጣቴ ስነካው፣ ቀጥ ይላል ሳያቅማማ።
አፉን እንደ ከፈተ፣ ጠመኔውን እንደ ያዘ፣
መዝገበ ቃላት ፈትሼ እስክመለስ፣ ይጠብቀኛል እንደ ፈዘዘ።
በዚህ ቤት፣ በአራት ዓመት፣ «ቆይ» ብዬው የቆየልኝ
እሱ ብቻ ነው።

የሦስተኛው ሳምንት የቤት ሥራ፦
«ከኑሯችሁ አንድ ነገር ሰባት ቀን ቁጠሩ፤
በሰንጠረዥ አስቀምጡ፣ አማካዩን ቀምሩ።»
ምን ልቁጠር? ሸሚዝ? ማንኪያ?
አቧራው በተነሣ ቀን መስኮቱን ስንቴ እንደ ወለወልሁ?
ስሜ ስንቴ እንደሚጠራ ልቆጥር መረጥሁ።

ግን የትኛው ስሜ? ፓስፖርቱ «ሰኪና» ይላል፤
ደላላው በአንድ ከሰዓት ስም አውጥቶ፣ ዕድሜም ጨምሮልኛል።
እናቴ ያወጣችልኝ ይታይሽ ነው።
ስለዚህ ልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ከቀን መቁጠሪያው ጀርባ፣
እመቤቲቱ በጣለችው የቅንድብ እርሳስ ስባሪ
ሁለት አምድ አሰመርሁ፦ ግራው የሰኪና፣ ቀኙ የይታይሽ።

ሰኞ ሃምሳ ሦስት። ማክሰኞ አርባ ሰባት።
ረቡዕ ሕፃኑን አተኮሰው፤ ስድሳ አንድ፣ ሌሊቱን ስጨምርበት።
ሐሙስ የወንዶቹ ዲዋኒያ፤ ሻይ፣ እንደገና ሻይ፣ ለሺሻው ፍም፣
መቶ አራት።
መምህሩ በሥዕል ያሳየን፣ ከመንጋው የራቀ ቁጥር፤
እኔ ግን ያወቅሁት በእግር።
ዓርብ ዘመድ ጥየቃ ሄዱ፤ ሰላሳ ዘጠኝ።
ቅዳሜ ሃምሳ ስምንት። እሑድ ልክ ሃምሳ።
አማካዩ ሃምሳ ስምንት ነጥብ ስምንት ስድስት፤
ሐሙስ ጎትቶት ነው እንጂ፣ መካከለኛው ሃምሳ ሦስት።

ቀኙ አምድ፦
ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ።
ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ።

ልሰርዘው ነበር።
ባዶ ትሪ ይዞ እንግዳ ፊት እንደ መቆም መሰለኝ።
ግን ላክሁት።

እርማቱ የመምህሩ አይደለም፤ እኛው ለእኛው ነን፣ በዕጣ።
እኔም የማላውቀውን ሰው አርሜአለሁ፤
ድመቱ በቀን ስንት ሰዓት እንደምትተኛ የቆጠረውን።
አሥራ ስድስት! ቀናሁ። ቢሆንም ከአሥር ዘጠኝ ሰጠሁት።

በአምስተኛው ሌሊት የእኔ መጣ።
ማን እንደ ጻፈው አይናገርም፤ አገሩንም፣ ወንድ ሴትነቱንም።
«ስሌቱ ትክክል ነው። በግራፉ ላይ የመስመሮቹን ስም ስላልጻፍሽ
አንድ ነጥብ ቀንሼብሻለሁ።
ሁለተኛውን አምድ እንዳትሰርዢው። ዜሮም መረጃ ነው።
በርቺ፣ ይታይሽ።»

በላቲን ፊደል፣ ስምንት ሆሄ።
አፉ እንደሚሰናከልበት አውቃለሁ፤
ጣቱ ግን አንዷንም አልሳተ።

ምስክር ወረቀቱ በገንዘብ ነው፣ አሥራ አምስት ዲናር።
ለማን ላሳየው? ደግሞስ በየትኛው ስም ይታተም?
ይቅር።

ከታች «ሰኪና!» ተባለ።
ስልኬን ጡቴ ሥር ሸጉጬ
በልብስ ማጠቢያው በኩል ወረድሁ።
ቀን መቁጠሪያውን ገለበጥሁ፣ ስባሪዋን አነሣሁ፣
በቀኙ አምድ አንድ ጭረት ጫርሁ።

ከዚያ «አቤት» አልሁ።