ይዞ ማየት

ኮዬ ፈጬ ላይ ነኝ፣ አራተኛው ፎቅ፤
መብራት ሲሄድ ሲመጣ፣ ባትሪው ሲጨነቅ፣
ሦስት ሳምንት አደንኩ አንዲት ስህተት፣ መልኳ የማይታወቅ፤
ሺህ ጊዜ ደህና ናት፣
በሺህ አንደኛው ግን ዲስኩን የምታደቅቅ።

ሁለት ክሮች መጡ ወደ አንድ መዝገብ፤
አንዱ «ሰው የለውም» ብሎ ሲሰርዘው፣ ሌላው ገና ሲያነብ።
አንዳቸውም አልዋሹም፤ ያዩትን ነው ያሉት፤
ጉዱ ከማየት እስከ መያዝ ያለችው ቅጽበት።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ውሃ በአምስተኛው ቀን ብቅ ባለበት፣
ጀሪካኔን ይዤ ወረድኩ፣ ሰው ከሚሰለፍበት።
ሸዋርካብሽና አቶ ቶልቻ ቧንቧው ባዶ መሆኑን እኩል አይተው፣
እኩል ደቅነዋል፤ አፍ ለአፍ ተጋጭተው።
«እኔ ነኝ ያየሁት!» «እኔስ አላየሁም?» ውሃው መሬት ፈሰሰ።
ዘበኛው ጃርሶ ከድንጋዩ ሳይነሣ መለሰ፦
«አይታችሁ አትያዙ። ይዛችሁ እዩ።»

ደረጃውን በሩጫ።
ቁልፉ ከጥያቄው በታች ነበር የተቀመጠ፤
ሁለት መስመር ወደ ላይ ገፋሁት፤ ሌላ ምንም አልተለወጠ።
እስኪነጋ መቶ ሺህ ዙር ሮጠ፤ መዝገቡ አልተሰበረ።

ጀሪካኔ ግን እታች፣ ሰልፉ ላይ፣
ባዶውን አደረ።