ሁለተኛው ዓይን

ግጥሙን እኔ ጻፍሁት፣ ሠላሳ ሁለት ገጽ፣
የድልድዩን ታሪክ ለልጅ እንዲገለጽ፤
ድንጋዩን ማን ጫነ፣ ኖራ ማን አቦካ፣
ዓባይን ተሻግሮ ማን በገመድ ለካ፤
ጠላት ሲመጣበት ማን መሐሉን ናደው፣
ያን ሁሉ የሰው ላብ ለገደል ሰደደው።

ሥዕሉን የሣሉት አለቃ አንማው ናቸው፤
የመቅደስ ግድግዳ ነበር ደብተራቸው።
ጻድቅ ፊት ለፊት ነው፣ ሁለት ዓይን ይሰጣል፤
ኃጥእ በጎን ዞሮ በአንድ ዓይን ይቀጣል።
ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ የጣልያን ወታደር፣
አንድ ዓይን፣ ግማሽ አፍ፣ ቆሟል ከወንዙ ዳር።

ታተመና ገባ ሞጣ፣ ንባብ ቤቱ፤
ዓመት ሳይደፍን ረገበ ስፌቱ።

ሐሙስ ዕለት ስመኝ ጠራችኝ በቁጣ፤
«ያበላሸችው ልጅ ከነአባቷ ትምጣ!»
ይታይሽ ናት ስሟ፤ ሰባት ዓመት ሆኗት፣
እርሳሷን ጨብጣ መጣች፣ አባት ይዟት።

ገለጥሁት።
ካፍንጫው ባሻገር፣ ባዶው ሰማይ መሐል፣
ጠማማ፣ ትልቅ ዓይን በእርሳስ ተሥሏል።

«ለምን?» አልሁ። ዝም አለች። ደግሜ «ለምን?» አልሁ።
«ድልድዩ ፈርሷልኮ፤ እንዳይወድቅ ፈራሁ።
ገደሉ በዚያ ነው፣ ዓይን በሌለው በኩል።»
ስመኝ ዋጠችው የቁጣዋን እኩል።

አለቃ ከሞቱ ዓመት አለፋቸው፤
ይህን ቢያዩ እንጃ፤ ደንብ ነበራቸው።
እኔም ሠላሳ ገጽ ድንጋይ ስቆጥር ኖሬ
የወደቀውን ሰው አልጻፍሁም እስከ ዛሬ።

ላጲስ አቀበለኝ አባቷ ከኪሱ።
እኔ እርሳሷን ለመንሁ።
ገጽ ሃያ ላይ ደግሞ ዐሥር ናቸው እነሱ።