የውሃ ጉድለት

እኔ ዓሣ አልነካም። የኔ ሥራ ቁጥር ነው።
ጠዋት ሁለት ሰዓት ኮምፒውተሩን ስከፍተው
የትናንት ጀልባዎች በረድፍ ቆመው ይጠብቁኛል፤
ለአንድ ጀልባ ሁለት ረድፍ፦
አንደኛው አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር የተመዘነ፣
ሁለተኛው አቶቴ፣ በረዶ ቤቱ ደጅ የተመዘነ።
ያው ዓሣ፣ ያው ቀን፣ ያው የጀልባ ቁጥር፤
ክብደቱ ብቻ ሁለት።

ማስታረቅ ይሉታል በሂሳብ ቤት ቋንቋ፤
እኔ ግን መጀመሪያ አጣላቸዋለሁ።
«አንተ አርባ ሁለት ከግማሽ ብለሃል፣
አንተ አርባ ሁለት። ግማሿ ወዴት ሄደች?»
ሦስት መቶ፣ አራት መቶ ግራም ብትሆን መንገድ የበላው ነው፣ አልፋለሁ።
ከኪሎ ከበለጠ ቀይ እቀባዋለሁ፤
ቀይ ሲታይ ሊቀመንበሩ ይጣራል፣
ባጃጅ ነጂው በራሳ በእናቱ ይምላል።
አንድ ቀን እንዲያውም እውነቱን ሆኖ ተገኘ፦
አባ ኮዳ ከኋላ ወንበር ቆሮሶ መንትፎበት
ሊስትሮ ምስክር ይዞ መጣ።

ልዩነት ስፈልግ ስድስት ዓመት ኖርኩ።
ዓይኔ ለምዶ የጎረቤት መጋረጃ ግራና ቀኙን ይለካል፤
ባሌ «እኔንም ከትናንቱ ጋር ታመሳክሪኛለሽ» ይላል።
አልካድኩም።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ቀይ ጠፋ።
ሳምንት ሙሉ አንድም የለም።
ሊቀመንበሩ አጨበጨበ፣
ለስብሰባው ሻይ በቦምቦሊኖ ታዘዘ።
ማታ፣ የተረፈውን ቦምቦሊኖ እየገመጥኩ
ረድፎቹን ወደ ታች ስነዳ ጣቴ ቆመ።

ጀልባ ሰባት፦ ሠላሳ አንድ ኪሎ ከአራት መቶ።
ሠላሳ አንድ ኪሎ ከአራት መቶ።
ጀልባ አሥራ ሁለት፦ ሃምሳ ከሁለት መቶ።
ሃምሳ ከሁለት መቶ።
ልዩነት፦ ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ።

ዓሣ እኮ ውሃውን ይዞ ነው የሚወጣ።
በባጃጁ ወለል፣ በመናኸሪያው አስፋልት ጠብ እያለ
ድመት ብቻ የምታነበውን ቀጭን መስመር ይጽፋል።
ፀሐይም ድርሻዋን ታነሣለች፤ ማንም አይመዘግብላትም።
ያልጎደለ ዓሣ
ወይ መንገድ አልሄደም፣ ወይ ሚዛን አልወጣም።
ቃል በቃል የሚገጥሙ ምስክሮችን
ዳኛ «ማታ የት አመሻችሁ?» ይላቸዋል።

ዜሮን ቀይ የሚቀባ ደንብ ግን ሠንጠረዡ የለውም።

በማግስቱ ሳልናገር ሄድኩ፣ በእግሬ።
አቶ ላታሞ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ሚዛኑ አጠገብ ቆሟል።
ሃያ ስድስት ዓመት የመዘነ ሰው፤
አምባዛ በእጁ አንጠልጥሎ «ሦስት ኪሎ ከሩብ» ካለ
ሚዛኑ ራሱ ይታዘዘው ነበር።
ሣጥኑ ወጣ። ቀስቱ ተወዛወዘ፣ ረጋ።
እሱ ቀስቱን አላየም።
ከበራሳ እጅ የሐይቁን ወረቀት ተቀበለ፣
አፍንጫው ድረስ አቀረበው፣
በትልልቁ የተጻፈውን በትልልቁ ገለበጠ።

«ማን ነው እዚያ?»
«ብዙአየሁ ነኝ፣ ከቢሮ።»
ዝም አለ። እስክሪብቶውን ከደነ።
«እንግዲህ አየሽ» አለ።
«ሞራ ነው አሉኝ። የከብት ሞራ ሲሆን ኪሎ አለው፤
የዓይን ሲሆን ማን ይመዝነዋል?
ጡረታዬ ሰባት ወር ቀርቶታል።»

ምን እንደመለስኩ አላስታውስም።
የማስታውሰው ከበረዶ ቤቱ የሚወጣውን ቅዝቃዜ
እና በራሳ ድንገት ጎማውን ማየት እንዳበዛ ነው።

አሁን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በአቶቴ በኩል አልፋለሁ።
ቀስቱን በቀስታ አነብለታለሁ፣ እሱ ይጽፋል፤
የዓይን ቀጠሮው ለጥር ነው።
ጀልባ ሰባት ሦስት መቶ ግራም ጎደለ፣
ጀልባ አሥራ ሁለት አምስት መቶ፤
ውሃው ወደ ሠንጠረዡ ተመለሰ።

የኅዳሯን ሳምንት አልነካኋትም።
ሊቀመንበሩ ዛሬም በስብሰባ እንደ ምሳሌ ይጠቅሳታል፤
እኔ አቀርቅሬ
የሟሟ ስኳር አማስላለሁ።