በካታል ስም

ከኋላዋ ሆኖ እናቴን ላየ ሰው፣
እግር ያበቀለ ጆንያ ነው የሚመስለው።
ጠፍሩ በግንባሯ፣ አንገቷ ተወጥሮ፣
ዓይኗ ከመሬቱ ድንጋይ ድንጋይ ቆጥሮ፣
ከጉም ውስጥ ትወርዳለች፣ ከቺያፓስ ተራራ፣
ስትከራከር ውላ ከጉልበቷ ጋራ።

አባቴ ሮሚን ነው። ዋጉ የገባ ለት
ቅጠል ገልብጦ አየ፦ ብርቱካንማ ዱቄት።
ጣቱን በሱሪው ላይ ጠርጎ ዝም አለ፤
በሳምንቱ ወደ ሰሜን፣ ለቲማቲም ለቀማ፣ በጭነት ኮበለለ።
"ለአንድ ክረምት" ብሎ፣ አራት ክረምት ሆነ፤
በስልክ የሚመጣው ድምፁም እየመነመነ።

ዛፎቹ ግን ቀሩ። ዛፍ አይኮበልልም።
"እናንተም አትሄዱ" አለች፣ "እኔም የትም አልሄድም።"
እስከ ጉልበት ጎመደቻቸው በአያቴ ገጀራ፤
ጉቶ ላይ ጉቶ ሆነ የሮሚን አዝመራ።
ጎረቤት ሳቀባት፦ "ባሏ ሲመለስ
ማገዶ አለህ ልትለው ነው፣ ቤቱ ሲደርስ?"
መልስ አልሰጠችም። ከምንጭ ውሃ በጣሳ፣
ታናሼን አዝላ፣ ለችግኝ አመላልሳ፣
ማታ ሽመናዋን ከወገቧ አስራ፤
በቀሚስ ዋጋ ነው መፈልፈያው የተሠራ።

ዘንድሮ ፍሬው መጣ። ቀይ ቀዩን ትለያለች፤
አረንጓዴ ብቀጥፍ እጄን ትመታለች፦
"ተይው! ልጅም በወሩ፣ ቡናም በወሩ ነው፤
የቸኮለች አፍሳ ስትለቅም ነው የምትውለው።"

ሦስት ዓመት ሚዛኑ ጋ ጸሐፊው ቁጭ ብሎ
"ሮሚን" ይጽፍ ነበር፣ "አሥራ አራት ኪሎ።"
ፔሶውን እየቆጠረ "የሮሚን ሂሳብ" ይላል፤
"እሺ" ትለዋለች። እሺ ከጆንያ መች ይከብዳል?

አሁን ብዕሩን እኔ ያዝኩ። ስድስተኛ ክፍል ነኝ፤
ማኅበሩ ተሰብስቦ "ቲኒክ ትጻፍ" ብሎ መረጠኝ።
እናቴ ጆንያዋን አወረደች፣ ጠፍሩን ፈታች፣
በግንባሯ የቀረውን ቀይ ሰንበር በመዳፏ አሸች።
መርፌው ተንቀጥቅጦ ሃምሳ ሁለት ላይ ቆመ።
"ስም?" አልኳት በእስፓንኛ። ወግ ነው፤ ሁሉም ይጠየቃል።
ዝም አለች። ከኋላዋ ሰልፉ ይጠብቃል።
"ታውቂው የለም?" አለች በጾጺል፣ በቤታችን ቋንቋ።
ቀና አላልኩም። ጻፍኩ።
ካታል።

መዝገቡን አዙሬ አሳየኋት።
ቀለሙ እንዳይነካ ጣቷን አየር ላይ አቁማ፣
"ይህችው ናት?" አለች።
"ለዚህ ሁሉ ሸክም፣ እንዲህ አጭር?"

ከላይ የአባቴ ስም፣ መስመር በመስመር፣ በሰልፍ።
"ልሰርዘው?" አልኳት።
"ተይው። እሱም ይረፍ።
ግን ከሥሬ ያለውን መስመር ሰፋ አድርጊው፤
ለከርሞ ስልሳ ኪሎ ነው።"

ፔሶውን ቆጠረች። ደገመች። ሦስተኛ ቆጠረች።
"አንድ ጎድሏል፣ ቲኒክ" አለች።
ልጇ መሆኔን ረስታ፣ ወይ አስታውሳ፣
መዳፏን ዘርግታ ቆመች።