ዳር ሲፈታ

ነሐሴ ነው፣ ማታ፤ ኮምቦልቻ ዘንቧል፤
ቦርከና ደፍርሶ ድንጋይ ያንከባልላል።
መብራት ሁለቴ ሄዶ ሁለቴ ተመልሷል፤
ስሌቴም ተቋርጦ ከአንድ ይጀምራል።

አባቴ ይመር ሙሄ፣ ጡረታ የወጣ፣
ጢሙ በቦይለር ቤት በእንፋሎት የነጣ፣
ወንበሩን ጎትቶ ከአጠገቤ መጣ።
«እሳቱ የታለ?» አለኝ ስክሪኑን እያየ።
«ባሕር ማዶ ነው፣ አባ። ዓይኔም እሱን አላየ፤
በሽቦ የሚደርሰኝ የቁጥር ጭራው ነው።»
«ያላዩትን እሳት መጠበቅ እንዴት ነው?»

ለሻይ ያመጣሁትን ቦምቦሊኖ አነሣሁ፣
ከዘቢዳ ኪዮስክ፣ ገና ያልቀመስሁ።
«መልኩ እንዲህ ነው» አልሁት፣ «መሃሉ ክፍት ቀለበት፤
ከፀሐይ እምብርት ይብሳል የውስጡ ትኩሳት።
ሸክላም አይችለው፣ ብረትም አይዘው፤
የማግኔት ጉልበት ነው ሳይነካ የያዘው።»
ተቀበለኝና ገመጠው ከዳሩ።
«ቀጥይ» አለኝ፣ ስኳር ይዞታል ከንፈሩ።

«ውስጡ አያስቸግርም፤ ጣጣው ከዳሩ ነው።
ወርዱ ሁለት ጣት ነው፣ ቁልቁለቱ ሐረጎ፤
ግፊት ይቆለላል ከጫፉ ላይ ዐርጎ፤
ሲከመር፣ ሲከመር፣ ድንገት ይገነፍላል፣
ዓይን ሳይጠቅስ ወጥቶ ግድግዳ ይልሳል።
ደጋግሞ፣ ደጋግሞ። ቱንግስተን የሚሉት
ብርቱ ብረት እንኳን ይላጣል ሲልሱት።»

«ዳር ሲፈታ» አለኝ፣ «መሃል ዳር ይሆናል፤
የአባቶች ነው ቃሉ። ማጥበቅ ይሻላል።»
«ማጥበቁን ማን ረሳ? አጥብቀው፣ አጥብቀው፣
ያጠበቁት ዳር ነው ፈንድቶ የለቀቀው።»

ዝም አለ።
አውራ ጣቱ ብቻ የሌለ ነገር ይዞራል።

«ታረቀኝ የሚሉት አለቃ ነበረን፤
‹እንፋሎት ባከነ› ብሎ ተነሣብን፣
ቫልቩን በሽቦ አስሮ ቤቱ ገብቶ ተኛ።
ጋኑ ማቃሰት ያዘ እንደ በሽተኛ።
ሽቦውን አላላሁ፤ አንድ ዙር። አንድ ብቻ።
ፍስስ እያለ አነጋ፤
ሰላም አደረች ኮምቦልቻ።»

«አባ፣ እሱ እኮ ነው! ትንንሽ ጥቅሎች አሉ፣
ከዋናው ማግኔት ከሺህ አንድ የማይሞሉ፤
የዳሩን የመስክ መስመር ይነቀንቁታል፣
ጥልፉን ያላሉና ትንሽ ይተነፍሳል።
ምቱ ካልገጠመ ግን ንቅናቄው ከንቱ ነው፤
ከድቤው የሳተ እጅ መንዙማ መች አሞቀው?
ልክ ካለፈ ደግሞ ሽክርክሩ ይገታል፣
መሃሉም ይበርዳል፣ እሳቱም ይሞታል።
እኔ እንቅልፍ ያጣሁት ያችን ልክ ፍለጋ፣
ባነሰና በበዛ መሃል፣ ሌቱ እስኪነጋ።»

መብራት ሄደ። ወንዙ ብቻውን አወራ።
መብራት መጣ። ከአንድ ጀመርሁ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ላይ ስሌቱ አለቀልኝ፤
እንደ መጋዝ ጥርስ የሾለው መስመር ለጥ አለልኝ።
ልጮህ ስል፣ ከሥሩ ሌላውን መስመር አየሁ፣
የመሃሉን ጥግግት፤ ወርዶ አገኘሁ።
«አባ፣ ዳሩ ሰከነ፤ መሃሉ ግን ሳሳ።
ምኑን ደስ ይበለኝ? ከነዳጁም አነሣ።»

የተኛ መስሎኝ ነበር፣ ጋቢውን ተከናንቦ።
«በነጻ መሰለሽ?» አለ ከጋቢው ሥር።
«ያን ጠዋት ታረቀኝ የሽቦውን መላላት አይቶ
ግማሽ ደሞዜን ቆረጠው።
መስከረምን በብድር በላን፤
እናትሽ ቀለበቷን ሸጠች።

ጋኑ ግን እስከ ዛሬ አለ።»