መናበብ

ኖያ ናት ሐሙስ ማታ ያናበበቻቸው፤
ስልኬንና የአባቴን ታብሌት ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስተኝታቸው፣
ቁጥር ካንዱ አንብባ ለሌላው አቀበለች፣
«አባ፣ አለቀ። ለዚህ የመጣ መልእክት ለዚያም ይደርሳል» አለች፣
በሩን ሳትዘጋ ወጣች።
እኔም «ጎበዝ» አልኩ ለባዶው ደረጃ፣
እንደገባው ሰው።

አባቴ ታብሌቱን የወደደው ፊደል ስለሚያገዝፍለት፤
በሁለት ጣቱ ገጹን እንደ ብራና ወጥሮት
ዳዊቱን ይደግምበታል፣ የማን ለቅሶ የት እንደሆነ ያይበት፤
ዕብራይስጥ ብቅ ካለ በአውራ ጣቱ ገፍቶት
«ይሄ የልጅቱ ነው» ይላል።
አማርኛ ከሆነ ግን የሱ ነው፤ ለማን ተጻፈ አይልም፣
ጽሕፈት አይቶ ማለፍ ከጥንትም አልለመደም።

እኔ የኪርያት ጋት ባቡር ጣቢያ በር ላይ ቆሜ፣
የሰው ቦርሳ ስከፍት የሚያልቅ ቀኔ፣ የሚያልቅ አቅሜ፤
እሑድ ጧት ወታደሩ ከነሻንጣው ሲግተለተል፣
የታጠበ ልብሱን፣ የእናቱን ድስት ስገልጥ ስከድን ስል፣
ሐኪሟ ደወለች።
ሰማኋት። «ቶዳ» አልኳት። ለየቱ ነገር ይሆን?
ከዚያ አሽዶድ ላለችው እኅቴ፣ እንደቆምኩ፣ ጻፍኩላት ይህን፦

«እናነይ፣ ውጤቱ መጥቷል። ጉበቱ ላይ ነው።
ዘግይታችኋል ይላሉ። ለአባባ እንዳትነግሪው፣
ሲግድ እስኪያልፍ። ምስጢር ይሁን።»

በአማርኛ የጻፍኩት ለኖያ ብዬ ነበር፣
ፊደሉን ለማታውቅ ልጅ የተቆለፈ በር፤
ቁልፉ አባቴ ጭን ላይ እንዳደረ ማን ይንገር!

ሦስት ሻንጣ ፈትሼ ብመለስ መልስ ተልኳል፤
ከእኅቴ አይደለም፣ ከኔ፤
በኔ በኩል፣ በቀኝ፣ በሰማያዊው ሣጥን ተቀምጧል፤
እጄ ያልነካው፣ ስሜ የፈረመበት፦

«ለተከበርሽ ፡ እኅቴ ፡ ለወይዘሮ ፡ እናነይ ፡
እንደምን ፡ ከርመሻል ፡ እኔ ፡ እግዚአብሔር ፡ ይመስገን ፡ ደኅና ፡ ነኝ ።
አባታችን ፡ ዐውቋል ።
ዐርብ ፡ ልጆቹን ፡ ይዘሽ ፡ ነዪ ።
ወንድምሽ ፡ አዛናው»

ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ የሚለይ በዘራችን አንድ ሰው ነው፤
በሱዳን መጠለያ፣ ካርቶን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ለማይጽፍ የጻፈው፣
በባል ስም ለሚስት፣ በእናት ስም ለልጅ፤
አስጻፊው ወባ እያንቀጠቀጠው ሲያቃስት ከድንኳን ደጅ
እሱ «እኔ ደኅና ነኝ» ብሎ ይጀምር ነበር፣
እጁ ሳይንቀጠቀጥ፣ መስመሩ ሳይሰበር።
ዛሬስ «እኔ» ያለው ማንን ነው?
ፊርማው የኔ፣ ጉበቱ የሱ፤
ደኅናው የትኛችን ነው?

እናነይ መለሰች፦ «እሺ ወንድሜ።
ደግሞ እንዲህ መጻፍ መቼ ጀመርክ?»
ጣቴ ፊደሎቹ ላይ ዋለለ።
ይመልስላት ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ፤ ዝም አለ።
ስልኩን ኪሴ ከተትኩት። ቀጣዩ ሰው ቦርሳውን ከፍቶ ቆሞ ነበር፣
ሳልጠይቀው።

ማታ ስገባ ታብሌቱ ገመዱ ላይ ተኝቷል፤
አባቴ ሾርባውን ይጠጣል፤
ኖያ ሶፋው ላይ፣ እግሯን ሰቅላ፣ ከስልኳ ጋር ትስቃለች።
«ሰው ነበረ?» አለኝ።
«ነበረ። እሑድ አይደል?»
ማንኪያውን አስቀመጠ። መልሶ አነሣው።
«ምሥጢር» አለ፣ ወደኔ ሳያይ፣
«በእሳቱ ሰ አይደለም። በንጉሡ ሠ ነው።»
ኖያ ቀና አለች፤ «ሳባ ምን አለህ?»
«ፊደል እያረመኝ ነው» አልኳት፣
ዳቦውን ወደሱ እየገፋሁ።