ከ«መ» እስከ «በ»

ሑመይድ ነው ስሙ፣ በሐመሩ «ሐ»።
ልጅ ሳለሁ መምህሬ «ይቺ ሌላ ናት» ይሉ ነበር፣
በምን ሌላ እንደሆነች ግን አፋቸው አያውቅም ነበር፤
ሦስቱንም «ሀ» በአንድ ትንፋሽ አስቆጠሩን፣
ስናሳስት በአንድ አለንጋ ገረፉን።
ሻርጃ መጥቼ ነው የሰማኋት፦
ከጉሮሮ ግርጌ፣ ደረቅ፣ ሙቅ፣
ሰው መነጽሩን ሊወለውል እንደሚተነፍስበት።

ላንቃው ተሰንጥቆ ተወለደ። ሁለቴ ሰፉለት።
ስፌቱ ያዘ፤ ትንፋሹ ግን የድሮ መንገዱን አልረሳ፣
በአፍ ውጣ ሲሉት በአፍንጫ ሾልኮ ይሄዳል።
«ባባ» ሊል ይነሣል፣ «ማማ» ብሎ ይወድቃል።
አባት ይከፋዋል። ሞዛ ትስቃለች፣
ቆይታ እሷም ይከፋታል።
እኔን፣ ባንቺን፣ «ማንቺ» ይለኛል።
ማንቺ።
ማን? አንቺ?
በቀን አርባ ጊዜ፤
ያውም ፓስፖርቷ በሰው መሳቢያ ያለን ሴት።

የንግግር ሐኪሟ ሪማ የመዳፍ መስታወት ሰጠችኝ፦
«ከአፍንጫው ሥር ያዢ። ‹መ› ሲል ታልበው፣ ‹በ› ሲል ትድረቅ።»
ከንፈር ገጥሞ ነው ሁለቱም የሚወለዱት፣
«መ»ና «በ» አንድ ማሕፀን ነው የተካፈሉት፤
ልዩነቱ ከኋላ ነው፣ ከላንቃ መጨረሻ፣
አንዲት የሥጋ መዝጊያ፣ የትንፋሽ መሸሻ፤
ተነሥታ አፍንጫን ስትከድን፣ «በ»፤
ተኝታ ስትቀር፣ «መ»።

ማታ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ባለችው ክፍሌ፣ ራሴን መረመርኩ።
«ነ»፦ ምላስ ከጥርስ ጀርባ፤ ጉም።
«ደ»፦ ያው ምላስ፣ ያው ቦታ፤ በሩ ዝግ።
«እናቴ» አልኩ፤ መስታወቱ ደፈነ።
«ቤት» አልኩ፤
ምንም።

በረንዳ ላይ አይሞከርም። ነሐሴ ነው፤
ከአል ኻን ባሕር የሚነሣው ወበቅ
ማንም ሳይናገር መስታወቱን ያላብሰዋል፣
ከተማው ሁሉ በአፍንጫው የሚያወራ ይመስል።

ከሁሉ የሠራልን «ጰ» ነው።
ያ ከገበታው ጥግ የተወሸቀ፣
ጳጳስ ሲመጣ ብድግ የሚል፣
በጳጉሜ አምስት ቀን ሠርቶ ዓመቱን የሚተኛ፤
እኔ ዓርብ እንኳ የለኝም።
ትንፋሽ አያባክንም፦ ጉሮሮውን ይቆልፋል፣
አፉ ውስጥ በቀረችው ጥቂት አየር ይፈነዳል።
«ጳ!» አልኩት፣ ከመዳፌ የሶፍት ቁራጭ ዘለለች።
ሳቀ። «ማ!» አለ። ሶፍቷ አልተነቃነቀችም።
«ጳ!» አልኩት። «ማ!»
እንዲህ እያልን ስንት ካርቶን ሶፍት ጨረስን።
ሞዛ በር ላይ ቆማ፣ «ምን ዓይነት ዐረብኛ ነው?»
«ዐረብኛ አይደለም ማዳም፣ መቀርቀሪያ ነው።»
ፊደሏ ያለ ቪዛ ገብታ፣ ያለ ኮንትራት ትሠራ ጀመር።

አንድ ጠዋት ደረጃ ላይ ሆኖ ጫማውን ፈልጎ ጮኸ፦
«ባንቺ!»
እጄ የዓሣ ቅርፊት ነበር። መስታወቱን አልያዝኩም፤
ማስረጃ የለኝም።
ባንቺ። በአንቺ።
ማታ አባቱን በስልክ «ባባ» አለው፣ ሰውየው መስመሩ ላይ ዝም አለ።
ሞዛም ዝም አለች፤
እስከ ዛሬ ከሰማቻቸው «ማማ»ዎች ውስጥ
ስንቱ የእሷ እንደነበረ የምትቆጥር መሰለኝ።

አሁንም እንቅልፍ ሲይዘው መዝጊያዋ ትላላለች፣
ክንዴ ላይ ሆኖ «ማንቺ» ይለኛል።
አላርመውም፤
እያሰብኩበት ነው።